ዓይን የምታደርቅ ክኒን

ንፍጥ ያስጠላኛል። የሰውም የራሴም፤ የራሴ ግን ይብሳል። በየዓመቱ ጤፍ ሲወቃና ገለባ ሲበተን አፍንጫዬ እንደተከፈተ ቧንቧ ይለቀቃል፣ ዓይኔ ያብጣል፣ ላንቃዬን ይበላኛል። ፍኖተ ሰላም፣ ቢሮዬ ውስጥ መስኮት ዘግቼ እንደምንም እችለዋለሁ። የሚስቴ ቤተሰቦች የሚኖሩበት፣ ከቡሬ ወጣ ያለው ገጠር ግን በጥር ወር ለእኔ ሲኦል ነው።

ይህን የሚረዱልኝ አማቴ ብቻ ነበሩ፤ የሚስቴ አባት። ሌላው ዘመድ "የከተማ አፍንጫ" እያለ ሲስቅብኝ፣ እሳቸው መደቡን በእጃቸው ጠርገው "ተዉት፣ ነፋስ ከማይመጣበት ይቀመጥ" ይሉ ነበር። እወዳቸው ነበር። አምና በጥር፣ አውድማው ሁሉ እየተወቃ ሳለ አረፉ።

መርዶውን ስሰማ ፍትሐቱ መሀል ሳስነጥስ፣ ንፍጤን ይዤ ከቀሳውስቱ ፊት ስቆም ታየኝ። ስለዚህ መንገድ ላይ ቡሬ ወርጄ ከአንድ መድኃኒት ቤት ያቺን የድሮ ቢጫ የአለርጂ ክኒን ገዛሁ። ሻጯ "ታስተኛለች፣ ታደርቃለችም" አለችኝ። መድረቁን ነበር የፈለግሁት። ዋጥኳት።

እውነትም አደረቀችኝ። አስከሬኑ ሲወጣ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል፣ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል። ልቤ እያለቀሰ እንባ የለም። ጭራሽ አዛጋሁ። ከጎኔ የቆመ የሩቅ ዘመዳቸው ጣቱን በምራቁ አርጥቦ እንባ እንዲመስል ጉንጩን ሲቀባ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። እሱ "አይ አንጀት!" ተባለለት። የሚስቴ አክስት ግን እኔን አይተው፣ ሰው እንዲሰማቸው አድርገው፣ "ምነው አማችየው፣ ዓይንህ እንደ በጋ ወንዝ ደረቀ?" አሉ። ሁሉም ዞሮ ፊቴን ይመረምር ጀመር። እንባ ልክ እንደ እህል እየተሰፈረ የሚታይበት ለቅሶ አስጠላኝ።

ማታ ሚስቴ ጓዳ ጠርታኝ፣ "ለአባቴ አንዲት እንባ አጣህለት?" አለችኝ።

የማውቀውን ሁሉ አስረዳኋት። ሰውነቴ ገለባን ጠላት ነው ብሎ ሂስታሚን የሚባል ነገር ይለቃል። ሂስታሚኑ አፍንጫና ዓይን ውስጥ የራሱ መቀመጫ አለው፤ እዚያ ጉብ ሲል እብጠቱም ማሳከኩም ንፍጡም ይመጣል። ክኒኗ ቀድማ ሄዳ መቀመጫውን ትይዝበታለች። ይህቺ የድሮዋ ግን በዚያ ብቻ አትወሰንም፤ ለእንባና ለምራቅ የሚመጣው ትእዛዝ የሚያርፍበትንም ትይዛለች፣ አንጎል ድረስ ገብታም ታስተኛለች።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ፣ "ለገለባ ስታለቅስ ስንት ዓመት አይቼሃለሁ። ለአባቴ ሲሆን ክኒን ዋጥክ" ብላኝ ወጣች። ካሁን በኋላ ለአባቷ ግድ የሌለው ሰው አድርጋ ታየኛለች ብዬ ፈራሁ።

በሠልስቱ ክኒኗን አልነካኋትም። ከድንኳኑ በስተጀርባ ጎረቤት ይወቃ ነበርና ነፋሱ ገለባውን ይዞብን መጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማስታወስ ያንገሸግሸኛል። እንባውና ንፍጡ ባንድነት ወረደ፤ ከንፈሬ ላይ ጨው ጨው አለኝ፣ አገጬ ስር ተንጠለጠለ። "ውይ! ውስጥ ውስጡን ሲበላው ኖሯል ለካ!" አሉ እኚያው አክስት፤ በነጠላቸው ጫፍ፣ የራሳቸውን አፍንጫ ሲጠርጉበት በዋሉበት፣ ፊቴን ጠረጉኝ። ያ የምራቁ ሰውዬ መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ደረቅ ያለኝ ሰው ሁሉ አሁን ሊያጽናናኝ ተሰለፈ።

ሚስቴ ከሴቶቹ መሀል ተነስታ መጣች። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ "ተነስና ታጠብ። አባቴ የገለባ እንባ አይፈልግም" አለችኝ።

ተነስቼ ታጠብኩ። ከገለባው ጋር የእኔም እንባ እየወረደ ነበር። አልነገርኳትም፤ ብነግራትም አታምነኝም።