ጋሽ ሷሊሕ ሱሪ ሲለኩ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሱሪ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው ቢባል ጋሽ ሷሊሕ ነበሩ። ጉዱ ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ ራሳቸው በዕድሜያቸው ሱሪ ታጥቀው አያውቁም! ዓመት ከዓመት ያቺው ባለ ሰማያዊ መስመር ሽርጣቸው፣ ትከሻቸው ላይ ሰፊ ፎጣ፣ አንገታቸው ላይ ሜትር። ቤታቸው እኔ በአስተናጋጅነት ከምሠራበት ሆቴል ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ዳር ነው። በረንዳው ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ለሶላት ካልሆነ በቀር አይነሱም።

የቆላው ገበሬ፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ፣ ከማጀቴ እህል ይዞ የሚመጣው ነጋዴ፣ ጭቃ ሹሙ ሳይቀር እሳቸው ዘንድ ነው የሚያሰፋው። የእሳቸው ሱሪ ወገቡ ከእምብርት ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይውላል፣ ጭኑ ላይ ሰፋ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠበብ ይላል። ቁጭ ብትል አይዝህም፣ ብትነሳ አይወርድብህም። አለካካቸውን ግን አላውቅም ነበር። የምለብሰው ሰልባጅ ስለነበረ እስከዚያ ቀን ድረስ ልብስ ሰፊ ፊት ቆሜ ተለክቼ አላውቅማ!

በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ለጥር፣ ውባለምን ላገባ ቀን ተቆረጠ። አባቷ አቶ እንግዳወርቅ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ የጋሽ ሷሊሕም ጎረቤት ናቸው። ቁጣቸው አያድርስ ነው። እሺ እስኪሉኝ ድረስ ሁለት ዓመት ሽማግሌ አመላልሻለሁ። እንግዲህ ጥቅምት ላይ ግራጫ ቴትሮን ጨርቄን በክንዴ ይዤ አስፋልቱን ተሻገርኩ።

ያን ሰሞን ከአዲስ አበባ የሚወርዱት ወጣቶች አንድ ሱሪ ይዘው መጥተዋል፤ ቤልቦተም ይሉታል። ወገቡ ከእምብርት በታች ነው የሚውለው፤ ዳሌና ጭን ላይ ልጥፍ፣ ከጉልበት በታች ሰፍቶ መሬት ይጠርጋል። እኔም ያማረኝ እሱ ነው።

«እስቲ መጀመሪያ ልለካህ» አሉኝ ጋሽ ሷሊሕ። ቆሜ ለኩኝ። ቁጢጥ አስብለው ለኩኝ። ከዚያ ሜትሩን ወገቤ ላይ እንደያዙ፣
«አሁን ደግሞ ስገድ» አሉኝ።

ክው አልኩ!

«ምን አሉ?»

«ስገድ። እጅህን ጉልበትህ ላይ አድርገህ ጎንበስ በል፣ ከዚያ ግንባርህን መሬት አስነካ።»

አብዛኛው ደንበኛቸው በቀን አምስት ጊዜ የሚሰግድ ሰው ነው። ሰው ሲደፋ ወገቡ ወዴት እንደሚሸሽ፣ ከኋላ ምን ያህል ጨርቅ እንደሚፈልግ የሚያዩት እንደዚያ አድርገው ነው። ዛሬ ገብቶኛል። ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ።

«እኔ የማርያም ልጅ ነኝ! ሠርጌ ሲደርስ ሊያሰልሙኝ ነው?»

«ኧረ የኔ ልጅ፣ ለሱሪው ነው! ሱሪ ለቆመ ሰው ብቻ አይሰፋም…»

ማን ሰምቷቸው! ጨርቄን መንጭቄ ወጣሁ።

እዚያ ላይ ባበቃ ምን ነበረበት? እኔ አፈኛው ግን ሆቴል እንደገባሁ «ጋሽ ሷሊሕ ሊያሰልሙኝ ነበር» አልኩ። መጀመሪያ ተሳቀ። ሲስቁልኝ ጊዜ ጨመርኩበት፤ ቁርአንም አስነኩኝ አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ የዋሸሁት እኮ ነው! ሳምንት ሳይሞላ ወሬው «ሷሊሕ ክርስቲያን ሳያሰግድ አይሰፋም» ሆነ። ክርስቲያኑ ደንበኛ አንድ በአንድ ቀረ። እስላሙም «ሃይማኖት መጫወቻ አደረገብን» ብሎ ተቀየማቸው። በሆቴሉ መስኮት ሳይ እጃቸውን የስፌት መኪናው ላይ አድርገው መንገዱን ያያሉ። እኔስ? ነገ ይረሳል እያልኩ ሻይ አመላልሳለሁ።

ሱሪውን ደብረ ሲና ወጥቼ አሰፋሁት። እዚያ ያለው ሰፊ አቁሞ ብቻ ለካኝ፣ የፈለግኩትንም ሰፋልኝ። መስታወት ፊት ስቆም የሚያምርብኝ ነገር አይጣል ነው!

የሠርጉ ዕለት ሙሽራዋ ቤት ደርሰን ከመኪና አንድ እግሬን ሳወርድ ከኋላዬ ጥርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሚዜዬ ግርማ ዞሮ አየኝና ፊቱ አመድ ሆነ።

«ወይኔ ጉዴ! አስፋው፣ እንዳታጎነብስ! ሱሪህ ከወገቡ እስከ ታች ተተርትሯል!»

ኮቴ አጭር ናት፤ ቀጥ ብዬ ብቆም ለጥቂት ትሸፍነኛለች። ብደፋ ግን ገበናዬ ለዳሱ ሰው ሁሉ ሊታይ ነው። ቀጥ ብዬ ገባሁ። አቶ እንግዳወርቅ ካባቸውን ደርበው፣ ጉልበታቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል። ሙሽራ የአማቱን ጉልበት ስሞ ሳይመረቅ ልጅ አይሰጠውም፤ ይህን የማያውቅ የለም። ውባለም ሳመች። ተራው የኔ ሆነ። አንገቴን ብቻ ደፋ አድርጌ ትከሻቸውን ልስም ሞከርኩ።

እልልታው ቀጥ አለ።

«ጉልበቴ ሸተተህ?» አሉኝ።

ምን ልበል? ያ ሁሉ ሴት፣ ያ ሁሉ ሽማግሌ ባለበት ሱሪዬ ተቀዷል ልበል? ኮቴን ወደ ታች ጎተት አደረግኩ።

«ገና ልጄን ሳይወስድ የናቀኝ ከወሰደ በኋላ ምን ሊያደርጋት ነው? ውባለም! ተመለሺ ጓዳ!»

ውባለም ዞራ አየችኝ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። የሁለት ዓመት ልፋቴ በአንድ ሱሪ ገደል ሊገባ ነው! እኔ ግን እንደ ምሰሶ ተገትሬያለሁ።

ከጎን፣ ለእስላም ጎረቤቶች ለብቻ ታርዶ ከተዘጋጀው ዳስ ውስጥ፣ ጋሽ ሷሊሕ ብድግ ሲሉ አየሁ። አበቃልኝ አልኩ፤ ዛሬ ሊበቀሉኝ ነው። ቀጥ ብለው መጡ። ፊቴን አላዩኝም፣ ያዩት ወገቤን ነው። ፎጣቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ከእምብርቴ እስከ ጉልበቴ ሁለት ዙር ጠቅልለው ሸጎጡልኝ።

«አቶ እንግዳወርቅ፣ ልጁ አልናቀዎትም። ሱሪው ከኋላው ተቀዶበት ነው። አሁን ይስማል።»

ደንግጬ እንባዬ መጣ። ተደፍቼ ሁለቱንም ጉልበታቸውን ሳምኩ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ፣ እልልታው ቀለጠ። ተገላገልኩ አልኩ በሆዴ።

አቶ እንግዳወርቅ ግን አልሳቁም።

«ሷሊሕ እዚህ አጠገብህ እያለ ይህን የት አሰፋኸው?»

«ደብረ ሲና።»

«ለምን?»

መዋሸት እችል ነበር። ግን የሰውየውን ፎጣ ታጥቄ እንዴት ልዋሽ? ሁሉንም አወጣሁት። «ሊያሰልሙኝ አልነበረም፤ ሊለኩኝ ነው የፈለጉት። ቁርአንም አላስነኩኝም። ሌላውን ከራሴ ጨምሬ ያወራሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ከሴቶቹ መሐል የጋሽ ሷሊሕ ሚስት ጣይባ ተነሡ።

«ሦስት ወር!» አሉ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «ያ ረቢ! ሦስት ወር መኪናችን አልዞረም! ልጆቼን ጎረቤት ነው ያበላልኝ!»

የት ልግባ! የአቶ እንግዳወርቅ ፊት ጠቆረ። «እኔም ወሬህን አምኜ ልብሴን ከሱ ቤት አውጥቻለሁ» አሉኝ። ቀጥለው ያሉትን ግን ዛሬም አልረሳውም።

«ሷሊሕ፣ የተበደልከው አንተ ነህ። አንተ ፍረድ። ልጄ ከዚህ ሰው ጋር ትሂድ ወይስ ትቅር?»

እንዲህ ያለ ነገር በሠርግ ላይ ማን አይቶ ያውቃል? ጋሽ ሷሊሕ መሬቱን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ውባለምን አዩዋት፤ እኔን አላዩኝም።

«እሷ ምን አጠፋች?» አሉ። «ትሂድ።»

ተመልሰው ቦታቸው ተቀመጡ።

ከጫጉላ እንደወጣሁ ከተማውን ቤት ለቤት ዞሬ ወሬው የኔ ውሸት መሆኑን ተናገርኩ። ደንበኛው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ፎጣውን አሳጥቤ ስወስድላቸው ተቀበሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሱሪ የሚሰፉልኝ እሳቸው ናቸው፤ ሰላምታም ነፍገውኝ አያውቁም። ይቅር ብዬሃለሁ የሚል ቃል ግን እስከ ዛሬ ከአፋቸው አልሰማሁም። እኔም ለመጠየቅ ድፍረቱን አላገኘሁም።