የመቃብር ሌቦቹ ፊልም በእህቴ የለቅሶ ድንኳን

ያን ጊዜ ማንበብ አልችልም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ሸበት ካለ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ስለዚህ አብነት ሰፈር ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል፣ ከአፈር ውስጥ የወጣ እጅ፣ ሳይ የእርሻ ማስታወቂያ መሰለኝ። «የሲኒማ ነው» ያለኝ የእህቴ ባል ነው። እሱ መርካቶ፣ እህል በረንዳ፣ ሚዛን ላይ ይሠራ ስለነበር ማንበብም መጻፍም ያውቃል፤ እኔ እዚያው ጆንያ ተሸካሚ ነበርኩ። ቅዳሜ ከሥራ መልስ፣ ለእህቴ ሳንነግራት፣ ገባን።

ፊልሙ ስለ መቃብር ሌቦች ነው። አንድ ረጅምና አንድ አጭር ሌባ የሀብታም መቃብር ቆፍረው የወርቅ ጥርሱን ሊነቅሉ ሲሉ ሟቹ ብድግ ብሎ ቁጭ ይላል። ከዚያ በኋላ የሟቹ ሥራ እነሱን ማባረር ነው። ያስፈራልም፣ ያስቃልም። የሚናገሩበትን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ የነበረ አይመስለኝም፤ ሁሉም የየራሱን ፊልም አይቶ ወጣ።

በሳምንቱ የእህቴ ባል ሞተ። ሚዛኑ አጠገብ እንደቆመ ደረቱን ያዘ፣ ጆንያ ላይ ተቀመጠ፣ በዚያው ቀረ። ራጉኤል ቀበርነው፤ እድሩም ድንኳን ጣለ። እህቴ ከቀብር ስትመለስ ቤት ውስጥ ጥግ ላይ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ዝም አለች። አላለቀሰችም፣ እህል አልቀመሰችም። በማግሥቱም ያው ነው። ሴቶቹ ንፍሮ ያቀርቡላታል፣ ሾርባ ያቀርቡላታል፣ እሷ ፊቷን ታዞራለች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጠቀ። ከእናታችን ልጆች የቀረነው ሁለት ነበርን፤ እሷንም ላጣ ነው እያልኩ በሩ ሥር ተቀመጥኩ። ማጽናናት የሚባለውን ነገር አልችልበትም። የሚችሉበትም ሲሞክሩ አይቻለሁ፣ ያመጡት ነገር የለም።

ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛ ማጫወት ወግ ነው። ስለዚህ ለቀስተኛው ስለ ዝናብ ያወራል፣ ስለ በርበሬ መወደድ ያወራል። ያን ሳምንት ግን መርካቶ ውስጥ ከዚያ ፊልም ሌላ ወሬ አልነበረም። ሰው እንዴት በለቅሶ ድንኳን የመቃብር ሌባ ወሬ ያነሳል ትሉ ይሆናል። አነሱት።

የጀመረው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው። «ሰውየው መች ሞቶ ነው? ራሱን እንደሳተ ነው የቀበሩት» አለ።

አጠገቡ የተቀመጠው አቡጀዲ ነጋዴ፣ የወሎ ሰው፣ አልተስማማም። «ተው ወንድሜ፣ ሞቷል። ጥርሱን ሲነኩበት ነው የተነሳው። ሀብታም ንብረቱን ከነኩበት ከጀነትም ይመለሳል።»

«ሀብታም ከጀነት ነው የሚመለሰው?»

«እንግዲህ ካለበት ቦታ።»

«የእናንተን የእስላሞቹን መቃብር ቢቆፍሩ ምን ያገኛሉ ለመሆኑ?»

«ከገዛ ሱቄ የተቀደደ የከፈን አቡጀዲ ነዋ። ሌባው ራሱ አዝኖልኝ ሁለት ክንድ ይጨምርልኛል።»

ለቀስተኛው በነጠላው አፉን ሸፈነ።

የእድሩ ዳኛ፣ ሽማግሌው፣ ፊልሙን አላዩም። ያላየ ሰው አስተያየት ደግሞ ከሁሉ ይጠነክራል። «በሙት መሳቅ ካስለመዱን ነገ ቀብር የሚወጣ ሰው እናጣለን» አሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎ መች አዩት?» አለ ልብስ ሰፊው።

«እሳት ማቃጠሉን ለማወቅ እጄን ልማግድ?»

«የሚያስቀው እኮ ሟቹ አይደለም፣ ሌቦቹ ናቸው። መጨረሻ ላይማ ሟቹ አዝኖ ይቅር ብሏቸዋል።»

«ማን ነገረህ?» አለ አቡጀዲ ነጋዴው። «መልሳችሁ ቅበሩኝ ነው ያላቸው። በእጁ ጉድጓዱን ሲያሳይ አላየህም?»

ድንኳኑ ከቤቱ በር ጋር ተያይዞ ስለተተከለ ይሄ ሁሉ ወደ ውስጥ ይሰማል። አንዲት አሮጊት ብቅ አሉና «እናንተ ሰዎች፣ አፈሩ እንኳ ያልደረቀ ሙት ያለበት ቤት ነው እኮ» አሏቸው። ሁሉም አቀረቀረ። እህቴ አፏን የከፈተችው ይሄን ጊዜ ነው።

«አንተ» አለችኝ። «ያን ፊልም እሱም አይቶታል?»

«አብረን ነው ያየነው።»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው ያመሸሁት ብሎኝ አልነበር?»

«ዋሽቶሻል።»

ዳኛው ክንዴን ቆነጠጡኝ።

«ሳቀ?» አለች።

«ሰው ሁሉ ሲስቅ እሱ አልሳቀም። ስንወጣ ነው የተናገረው።»

«ምን አለ?»

ሴቶቹ ከኋላዋ ሆነው ተው ተው እያሉ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ሌላ ሰው ቢሆን «ስላንቺ ያስብ ነበር» ምናምን ብሎ ይገላገል ነበር። እኔ ያለውን ነው የነገርኳት።

«‹እኔ ከመቃብር ተነስቼ ቤት ብሄድ› አለ፣ ‹ያቺ ሴት መጀመሪያ የምትለኝ አፈርህን እደጅ አራግፍ፣ እግርህን ሳትታጠብ እንዳትገባ ነው። በዚያው ተመልሼ ብተኛ ይሻለኛል› አለ።»

አቡጀዲ ነጋዴው ቀስ ብሎ «አስተግፊሩላህ» ሲል ተሰማኝ። ገደልኳት አልኩ በሆዴ።

«እውነቱን ነው» አለች እህቴ። «ያን ሁሉ የጤፍ ብናኝ ይዞ ሰሌኔ ላይ ሲወጣ መች ያስችለኛል።» ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሳቋ ነው። ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ፣ እውነተኛ ለቅሶ፣ በስሙ እየጠራች፣ ደረቷን እየደቃች። ሴቶቹ ሁለት ቀን ያጠራቀሙትን አብረዋት ለቀቁት። ወንዶቹም ቆመው አለቀሱ፤ ልብስ ሰፊው ከሁሉ ባሰ።

ሲወጣላት ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ «እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለችኝ። እኔም እንደገባኝ ነገርኳት። ልብስ ሰፊውና አቡጀዲ ነጋዴው እንኳ ለዚያች ጊዜ አላረሙኝም። አሮጊቷ በወሬው መሐል እህቴ መዳፍ ላይ ንፍሮ ጣል አደረጉላት፤ እሷም ሳታየው ወደ አፏ ወሰደችው።

«ሟቹ ሲነሳ ምን ለብሶ ነበር?»

«ጥቁር ሱፍ።»

«ጫማስ?»

«ባዶ እግሩን ነው።»

«እግሩ ምንኛ ቆሽሾ ይሆን» አለች እያኘከች፣ እጇንም ለተጨማሪ ዘረጋች።