አፕዴት የማያፍነው ድምፅ

ልደታ ኮንዶሚኒየም በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ከበሬ ፊት ለፊት የሚኖሩት ጋሼ ኮምፒውተራቸው ድምፁ በጠፋ ቁጥር የሚረገመው የእኔ እጅ ነበር። ጋሼ ጠበቃ ናቸው፤ ዓይናቸው አያይም። የክስ ወረቀታቸውን የሚያነብላቸው እኔ የሠራሁት የአማርኛ አንባቢ ፕሮግራም ነው። እሱ ዝም ባለ ቀን ደግሞ የምታነብላቸው አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ናት።

ልጅቱ ሐዋሳ ጥሩ ሥራ አግኝታለች፤ ግን አልሄድም ብላለች። «ያንቺ ፕሮግራም ነጋ ጠባ ዲዳ እየሆነ አባቴን ለማን ጥዬ ልሂድ?» ትለኛለች። ጋሼ ደግሞ «ልጄን አስሬ አስቀመጥኳት» እያሉ ይብሰለሰላሉ። እኔ ከመሃል ሆኜ ሁለቱንም እሰማለሁ። ምን ልበላት? እውነቷን ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ንባቡን የሚመራው ክፍል የተጻፈው በስክሪፕት ቋንቋ ነው። ይህን ቋንቋ መስመር በመስመር እያነበበ የሚፈጽም፣ ኢንተርፕሬተር የሚባል ሌላ ፕሮግራም አለ። ድምፁን የሚያወጣው ክፍል ግን ፍጥነት ስለሚፈልግ ሲ በሚባለው ፈጣን ቋንቋ ጽፌ እንደ ተቀጥላ ገጠምኩት። ስገጥመው ታዲያ አራዳ ነኝ ብዬ፣ ተቀጥላው በቀጥታ ኢንተርፕሬተሩ ሆድ ውስጥ ገብቶ ጽሑፉን ከተቀመጠበት እንዲያነሳ አደረግኩ። አፕዴት በመጣ ቁጥር ኢንተርፕሬተሩ የውስጥ ዕቃውን ያዛውራል። የእኔው ተቀጥላ የድሮው ቦታ ሄዶ ጽሑፉን ያጣዋል፤ ከዚያ ጭጭ! ጋሼ ቤት ያለው ኮምፒውተር ላይ የሠራው ቢሯቸው ያለው ላይ አይሠራም። ሁልጊዜ በነጠላ ጫማ ኮሪደሩን ተሻግሬ እንደ አዲስ የምገጥመው እኔ ነበርኩ።

አንድ ጠዋት ልጅቱን አሟት ስለነበር ጋሼን ፍርድ ቤት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ስንደርስ የያዙት ጉዳይ ዳኛው ተቀይሯል፤ ችሎቱም ወደ ሌላ ፎቅ ተዛውሯል። እኔ መቼም ንዴት ቅርቤ ነው፤ ጦፍኩ። «አሁን መዝገቡን የት ብለን ልንፈልገው ነው?»

ጋሼ ሳቁብኝ። «አንቺ ልጅ፣ ማን ፈልጊ አለሽ? የመዝገቡን ቁጥር ሬጅስትራሩ መስኮት ላይ ንገሪ፤ የት እንዳለ ማወቅ የእነሱ ሥራ ነው።»

መስኮቱ ጋ ሄደን ቁጥሩን ነገርናቸው፤ አንዴ አይተው መለሱልን። ተመልሰን ስንወርድ ደረጃው ላይ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። «ኧረ በልደታ!» ብዬ ስጮህ በሩ ላይ የነበረው ፖሊስ ገላመጠኝ። የእኔ ተቀጥላ እኮ መዝገብ ቤት ዘሎ ገብቶ መደርደሪያ የሚያገላብጥ ባለጉዳይ ነው!

ቤት ገብቼ የነበረውን ሁሉ አፈረስኩት። አዲሱ ደንብ አጭር ነበር። ተቀጥላው ኢንተርፕሬተሩ ሆድ ውስጥ አይገባም። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የሚፈልገውን በቁጥሩ ይጠይቃል፤ ሲጨርስ ቁጥሩን ይመልሳል። የሚጠየቀውም ጥቂት ነገር ብቻ ነው፤ አይጨመርም፣ አይለወጥም። ጥያቄውን እንደ ሬጅስትራር የሚቀበለውን መስኮት ራሱን የጻፍኩት በስክሪፕት ቋንቋው ነው፤ ኢንተርፕሬተሩ ሆዱን ቢያገላብጥም ቋንቋውን አይረሳማ። በዚህ መንገድ ቤት ያለውም ቢሮ ያለውም ኮምፒውተር ተስማሙ።

ጋሼ ሞከሩትና ፊታቸውን አጨፈገጉ። «ከእጅ አይሻል ዶማ! ይቺ ደግሞ እየተንተባተበች ነው።» ለካ ተቀጥላው ለእያንዳንዷ ፊደል አንድ ጊዜ መስኮቱ ድረስ እየሄደ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አሉ። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር በአንድ ጊዜ እንዲቀበል ሳደርገው ምላሱ ተፈታ።

ልጅቱ ግን በዚህ የምትታለል ሰው አይደለችም። ቅዳሜ ከሰዓት ጠርታኝ፣ «አፕዴቱን እኔ አስገባዋለሁ። አንቺ ንክች እንዳታደርጊ፤ ዝም ካለ የትም አልሄድም» አለችኝ። እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። አፕዴቱ ሲያልቅ ጋሼ፣ «ውጡልኝ፤ የሚነበበውን እኔው እጽፋለሁ» ብለው ሁለታችንንም አስወጡን።

ኮሪደሩ ላይ ቆመን ከታች ግቢው ውስጥ ልጆች ሲንጫጩ ይሰማል። ልጅቱ ጥፍሯን ትበላለች፤ እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሻለሁ። ከውስጥ የኪቦርዱ ድምፅ ቆመ። ዝም አለ። «ይኸውልሽ!» አለችኝ ልጅቱ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

ያኔ ያ የእኔ ድርቅ ያለ የኮምፒውተር ድምፅ በበሩ ስንጥቅ ወጣ። «ልጄ፣ ይህን ያነበብኩት ያላንቺ ነው። እንግዲህ ሐዋሳ ሂጂ።»

እልል አልኩ! ልጅቱ ግን በሩን ተደግፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ጋሼ ከውስጥ ድምፁን ጨምረው እንደገና አስነበቡት።