ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው አየር

ባለፈው ቅዳሜ ሽሮ ልገዛ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ አጠገብ ካለች የሐበሻ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ዱቄቱን ላስቲክ ጣሳ ውስጥ ሞላና ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሦስቴ መታ መታ አደረገው። ሽሮው ወደ ታች ወረደ፤ ከላይ ሦስት ጣት የሚያህል ባዶ ታየ።

«አዩት እትዬ፣ አየር ነው የነበረው» አለና ጨመረልኝ።

አመስግኜው ወጣሁ። ፌርማታው ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ግን ያቺን ቃሉን ደጋገምኳት። ዱቄት ውስጥ ስለሚደበቅ አየር ከዚያ ባለሱቅ ይልቅ የማውቀው እኔ ነኝ። ያወቅሁበት ጊዜ ትዝ ሲለኝ ይኸው በዚህ ዕድሜዬም ያንገበግበኛል።

ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ለንደን ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት የኬሚስትሪ ዲግሪ ሻንጣ ውስጥ ተኝቶ እኔ የሆቴል አልጋ አነጥፍ ነበር። ጓደኛዬ ሶስናም እንደዚሁ። ዩኒቨርሲቲ አብረን ነው የተማርነው፤ ስደቱ ደግሞ ሆሎዌይ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል አጋራን። ሁለተኛ ዓመት ላይ ታይፎይድ ጥሎኝ ሳላጠና ፈተና ስገባ ወረቀቷን ወደኔ ዘንበል አድርጋ ያስኮረጀችኝ እሷ ናት። አሁን ስናገረው ያሳፍራል እንጂ ያኔ በእኛ ዘንድ ኩረጃ ዝምድና ነበር። የማያስኮርጅ ተማሪ ንፉግ ይባላል፣ ምሳ ላይ እንኳ አብሮት የሚቀመጥ አያገኝም። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ የሚኮርጅ ሰው የመጨረሻዋን ቁጥር ትንሽ ቀየር ያደርጋታል።

በዚያ ዓመት ከሆሎዌይ መንገድ ገባ ብሎ ያለ አንድ ትንሽ ላቦራቶሪ ሁለታችንንም ለሦስት ወር ቀጠረን። ነጭ ጋውን የለበስኩ ዕለት መጸዳጃ ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ብዙ መቆሜን አልደብቅም። ከሦስት ወር በኋላ በቋሚነት የሚቀረው ግን አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ነግረውናል። ያልቀረችው ወደ አልጋ ማንጠፏ ትመለሳለች ማለት ነው።

«ማናችንም ብንቀር ያው ነው» አለችኝ ሶስና። እኔም አመንኳት።

ሥራው ፋብሪካዎች አዲስ የሚያወጡትን የኬሚካል ዱቄት መመርመር ነበር። ዱቄቱ ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት በሰውና በአካባቢ ላይ ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት ይገመገማል። ወንዝ ውስጥ ቢደፋ ይሰምጣል ወይስ ይንሳፈፋል? ይህን ለማወቅ እፍግታው፣ ማለትም በያዘው ቦታ ልክ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ መለካት አለበት። ትንሽዬ የብርጭቆ ጠርሙስ አለች። ባዶዋን ትመዘናለች፣ ዱቄት ተጨምሮባት ትመዘናለች፣ በመጨረሻ ዱቄቱን የማያሟሟ ፈሳሽ ተሞልቶባት ትመዘናለች። አስቸጋሪው አየሩ ነው። ፈሳሹ ከገባ በኋላ በዱቄቱ መካከል የተደበቀውን አየር አንድ ፓምፕ ስቦ እስኪያወጣ መታገሥ ያስፈልጋል። አረፋው ሳያልቅ የተጣደፈ ሰው ዱቄቱን ከእውነተኛው ያነሰ እፍግታ ይሰጠዋል። ለዚህ ሲባል እያንዳንዱን ዱቄት ሁለት ሰው በየራሱ ጠርሙስ፣ አንዱ የሌላውን ቁጥር ሳያይ ይለካዋል፤ ቀኑንና ሰዓቱን ደብተሩ ላይ ጽፎም ይፈርማል።

የሁዳዴ አርብ ነበር። ውጭ ያ የማያባራ የለንደን ካፊያ ይወርዳል። ኃላፊያችን ፒተር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው የማላውቅ ቀጭን እንግሊዛዊ፣ በዚያ ቀን ለሥራ ሌላ ቦታ ሄዷል። ሶስና ጠዋት ጠርሙሷ ውስጥ ዱቄቱን ጨምራ ጠረጴዛው ላይ አቆመችና ለቤት ጉዳይ ወደ ካውንስል፣ ወደ እንግሊዞቹ ቀበሌ፣ ሮጠች። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበር የምጾመው። ከታች ባለው ሱቅ የሚጠበሰው ዓሣና ድንች ሽታው በመስኮቱ እየገባ አንጀቴን ያላውሰዋል። እውነቱን ልናገር፣ ጠርሙሴን ከፓምፑ ላይ ሳነሳ ሁለት ሦስት አረፋ ሲወጣ አይቻለሁ። «ይበቃዋል» አልኩና መዘንኩ። ያ ስህተት የእኔ ነው፤ በማንም አላሳብብም።

ሶስና በስብሳ የመጣችው ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

«ይሄን ሁሉ ሰዓት አስቀምጠውኝ ሲያበቁ ፎርሙን እንደገና ሙዪ አሉኝ፣ ታምኚያለሽ? ለክተሻል?»

«አሁን ጨረስኩ። ነይ ያንቺን አብረን እንሥራው።»

«ባክሽ ጽጌዬ፣ እግሬ በረዶ ሆኗል። በይ ደብተርሽን ወዲህ በይው፤ ፒተር ሰኞ ቼክ ያደርጋል።»

ሰጠኋት። አንድ ሰከንድ እንኳ አላመነታሁም። ታይፎይድ ይዞኝ ሳለ የዋለችልኝን ውለታ ያልረሳሁ እኔ ምን ልል እችላለሁ? በእኔው እስክሪብቶ ገለበጠች፤ እንደ ደንቡ የመጨረሻዋን ቁጥር ቀየር አደረገች። ሰዓቱ ጋ ስትደርስ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ብላ ጻፈች።

«ለምን አምስት ሰዓት?» አልኳት።

«ጠዋት ፓምፑ የኔ ተራ አልነበር እንዴ? አሁን ካልኩ ጠዋት የት ነበርሽ ይለኛላ።»

ትክክል መሰለኝ። የእኔ ገጽ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ተጽፏል። እንዲያውም እንዳይነቃባት ብዬ ፈሳሽ ያልነካትን ጠርሙሷን ደፍቼ ከእኔው ጋር አጠብኩላት። አልሠራችም የሚልልኝን ብቸኛ ምስክር በገዛ እጄ በሳሙና አጠብኩት ማለት ነው።

ሰኞ ፒተር ውጤቱን ተጠራጥሮ ራሱ ለካው። የእሱ ቁጥር ከሁለታችንም በጣም ከፍ ያለ ነበር። ቢሮው ጠራንና ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን ዘረጋቸው። የወተት ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ሳይነካ ቀዝቅዟል።

«ሁለት ሰው ሊሳሳት ይችላል» አለ በዚያ ቀስ ባለ ድምፁ። «ሁለት ጠርሙስ ውስጥ ግን እኩል አየር አይቀርም። ከእናንተ አንዷ አልለካችም። የትኛዋ ናት?»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ግን ወደ ሶስና ዞርኩ። ራሷ ትናገር፣ ከእኔ አፍ ባይወጣ ይሻላል አልኩ። ጓደኛን በፈረንጅ ፊት ማጋለጥ ነውር መሰለኝ። እሷ አይኗን ከጠረጴዛው ሳታነሳ ተናገረች።

«የኔን ጠዋት ጨርሻለሁ፤ ቸኩዬ ነበርና ስህተቱ የኔ ነው። ከሰዓት በኋላ ጽጌ ደብተርሽን አሳዪኝ አለችኝ። ጓደኛዬ ስለሆነች እምቢ ማለት አልቻልኩም። ላጋልጣትም አልፈለግሁም ነበር።»

ክው አልኩ። ከተናገረችው ውስጥ የሐሰት ታሪክ እኮ የለም፤ ሁሉም እንዳለ አርብ የሆነው ነው፣ የሁለታችን ቦታ ብቻ ተቀያይሯል። «አይደለም» አልኩ፤ ሌላው እንግሊዝኛዬ የት እንደገባ አላውቅም። ፒተር የተጻፉትን ሰዓቶች አየ፣ አምስትና ዘጠኝ። ከዚያ እኔን አየኝ። በአስተያየቱ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ያሳዘንኩት ሰው አስተያየት ነበር፣ እሱ ደግሞ ከቁጣ ይብሳል። ሶስና ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። እኔ በዚያው ሳምንት ተሰናበትኩ።

በዚያ ሰኞ ማታ ቤት ስገባ ቀድማኝ ደርሳ ምስር ወጥ ሠርታለች። የእኔን ድርሻ በሳህን ከድናዋለች።

«ጽጌዬ፣ ምን ላድርግ፣ ደነገጥኩ» አለችኝ።

«ሰዓቱን የጻፍሽው አርብ ነው። አርብ ማን አስደነገጠሽ?»

ክዳኑን አንስታ ምስሩን ወደኔ ገፋ አደረገችው። ሳህኑን ልወረውረው አስቤ ነበር፤ ግን ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም፣ ተቀምጬ በላሁት። ከሁሉ ይልቅ በዚያ ምስር ነው ራሴን የታዘብኩት። እሑድ ልብሴን በሁለት ፌስታል ሸክፌ ሼፈርድስ ቡሽ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ዘንድ ገባሁ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ። የጣለኝ ይሁን፤ እኔን ያደከመኝ መቼ ሊጥለኝ እንደወሰነ አለማወቄ ነው። አርብ ያንን ሰዓት ስትጽፍ አስባበት ነበር? ወይስ ለመቅረቷ ሰበብ የጻፈችው ነገር ሰኞ ጨንቋት መዳኛ ሆነላት? አስባበት ከሆነ አብረን ያሳለፍነው ዘመን በሙሉ ውሸት ነው። ካልሆነ ደግሞ ፈሪ ናት፣ ፈሪን ይቅር ማለት ይቻላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዱን ቀን ይህን፣ ሌላውን ቀን ያንን አምናለሁ። ሶስና ላቦራቶሪው ውስጥ ቀርታ በኋላ አለቃ ሆናለች ሲባል ሰምቻለሁ። እኔም ሁለት ዓመት አልጋ አንጥፌ፣ ተምሬ፣ ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ገባሁ። እንጀራዬ አልተቋረጠም። የተጎዳሁት በእንጀራ አይደለም ብዬም ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ፤ በምን እንደሆነ ግን በቅርቡ ነው ያየሁት።

በዚህ ወር ከአዲስ አበባ የመጣች ቤቴል የምትባል ልጅ መድኃኒት ክፍላችን ተቀጠረች። ትሑት ናት፤ ስታየኝ ከመቀመጫዋ ትነሳለች። ትናንት አንድ ቅባት አዋህጂ ተብላ ግራ ገብቷት አጠገቤ መጣችና «እትዬ ጽጌ፣ ደብተርዎን አንዴ ልየው?» አለችኝ። ምስጢር የለበትም፤ ለማንም የማሳየው ነው። እጄ ግን ቀደመኝና ገጹን ሸፈነው።

ሁለታችንም እጄን አየነው። ላነሳው ፈለግሁ፣ አልተነሳልኝም።

«ይቅርታ እትዬ» ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ዛሬ ቀኑን ሙሉ የማታውቀውን ሁሉ ሌላ ሰው ስትጠይቅ ዋለች።