የሁለተኛው ማርሽ ጥርስ

ያን ቀን በፒክአፓችን የአማን ከተማን ቁልቁለት ስወርድ ማርሹን ዜሮ ላይ ለምን አደረግሁት? ናፍጣ ለመቆጠብ ነው እንዳልል ናፍጣው ሙሉ ነበር። አላውቅም ነበር እንዳልል ደግሞ፣ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው የተጻፈ ነገር ይፈራል፤ መንጃ ፈቃድ ላወጣ ስማር መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ያዝኩት። መኪና ዳገቱን በሚወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ይወርዳል ይላል። ፍሪሲዮን፣ ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው ፔዳል፣ እስከ መጨረሻ ሳይረገጥ ማርሽ አይነካም ይላል። በእኛ አገር ግን ከሸኮ ቀይ ቡና ጭኖ የሚመጣ ሾፌር ሁሉ ቁልቁለት ላይ ዜሮ ያደርጋል። ማርሹ ከሞተሩ ይላቀቃል፣ መኪናው በክብደቱ ይንደረደራል፣ ናፍጣ ይተርፋል።

የባለቤቴን አሮጌ ፒክአፕ የሚነዱት ጋሼም እንደዚያው ነበሩ። በዕድሜ ስለሚበልጡን ጋሼ እላቸዋለሁ፤ መንዳት ያለማመዱኝም እሳቸው ናቸው። መጽሐፌን ይዤ አጠገባቸው ተቀምጬ ስጨቀጭቃቸው ይስቁ ነበር።

«እሺ፣ የኔታ! መተንፈስስ በስንተኛ ማርሽ ነው ይልሻል መጽሐፉ?»

ቢስቁም ሰሙኝ። ዜሮውን ተዉት።

ከዚያ እኔ አደረግሁት። ብቻዬን ነበርኩ። መኪናው እየፈጠነ ሲሄድ ደነገጥኩ፤ ፍሪሲዮኑን በወጉ ሳልረግጥ ሁለተኛ ውስጥ በግድ ከተትኩት። ከእግሬ ሥር የተሰማኝ ድምፅ ጠጠር ያለበት ቆሎ እንደ መንከስ ነበር። መኪናው ግን ሄደ። ቤት ደርሼ ቁልፉን ሰቀልኩና ዝም አልኩ።

በሳምንቱ የሸኮ ዳገት ላይ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ፣ መኪናው ጋሼ እጅ ላይ ቆመ። ቀይ ቡና ገና ያልደረቀ እሸት ነው፣ አይጠብቅም፤ መኪናው ተጎትቶ ሚዛን ከተማ እስኪደርስ ቡናው በየጆንያው ሞቆ ሸቶ ነበር።

መካኒኩ ካምቢዮውን፣ ማርሾቹ ያሉበትን ቤት፣ ፈትቶ ከዘይቱ ውስጥ ሁለት የብረት ጥርሶች አወጣ።

«የሁለተኛው ማርሽ ናቸው። በግድ ገብቶ ነው እንጂ እንዲህ አይረግፍም» አለ።

ባለቤቴ ወደ ጋሼ ዞረ። «ያ የዜሮ ልማድዎ ነው! ቁልቁለት ላይ አላቅቀው፣ መልሰው በግድ ሲያስገቡት!»

«ዜሮ ከተውኩ ሦስት ወር አለፈኝ» አሉ ጋሼ። «እሷን ጠይቃት።»

ሁለቱም አዩኝ።

«እኔ... ሁልጊዜ አብሬያቸው አልነበርኩም» አልኩ።

ይህም እውነት ነበር።

ጋሼ በዚያው ቀን ተሰናበቱ። ካምቢዮ ሰባሪ የሚል ስም በሚዛን ጋራዦች ቶሎ ይዞራል፤ መኪና የሚሰጣቸው ጠፋ። ቴፒ ሄደው የቡና እርሻ በር ጠባቂ ሆኑ ሲባል ሰማሁ። ሃያ ሰባት ዓመት መሪ የያዙ ሰው! ፒክአፑ ተጠግኖ ሌላ ሾፌር ያዘው። ግቢያችን ሲገባ ማርሽ በቀየረ ቁጥር፣ እኔ ጓዳ ውስጥ ጥርሴን ነክሼ ግድግዳ እይዛለሁ። መጽሐፉን ሳጥን ሥር ከተትኩት። ባለቤቴ «አመመሽ እንዴ?» ሲለኝ «ራሴን» እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ዓመት ሞላኝ።

ክረምቱ ሲገባ አላስችል አለኝና ቴፒ ሄድኩ። ጋሼ የእርሻው በር ላይ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል፤ ከስተዋል።

«ጋሼ፣ ማርሹን የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

ጃንጥላውን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛወሩ።

«እኔ እንዳልሰበርኩት እኔ አውቃለሁ፣ እመቤት። ለማያውቀው ይንገሩ።»

«አንቺ»ም «የኔታ»ም ቀርቶ እርስዎ ሆንኩ።

እዚያው ዝናቡ ውስጥ ቆሜ ለባለቤቴ ደወልኩ። ቁልቁለቱን፣ ዜሮውን፣ ሁለተኛውን ማርሽ፣ መካኒኩ ፊት ያልኩትንም፣ አንድ ሳልዘል ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ፣

«አጠገብሽ ናቸው?» አለኝ። «ስጪያቸው።»

ስልኩን ዘረጋሁላቸው። አዩት። ከዚያ ዞር አሉና ለሚገባ ትራክተር የበሩን ሰንሰለት ሊፈቱ ሄዱ። ስልኩ እጄ ላይ «ሃሎ? ጋሼ?» ይላል።