ለወንድሙ የተጻፈ ዝምታ

ይህን ለባለቤቴም ሆነ ለመጋቢያችን ተናግሬው አላውቅም። ለእርስዎ ለአንባቢዬ የምናገረው ፊትዎን ስለማላየው ነው። ታሪኩ ያስቃል፤ ቢስቁ አልቀየምም። በደል መሆኑን ግን አይርሱብኝ።

ሚስተር ክሬንዊክ እንግሊዛዊ የሙዚቃ ደራሲ ነበሩ። በዓሣ አጥማጆች ከተማ ከኦርጋን ተጫዋች አባት ተወልደው፣ ለታላላቅ ኦርኬስትራዎች ሲጽፉ ኖረው፣ በእርጅናቸው ሴት ልጃቸውን ተከትለው እኛ ስደተኞች ወደምንኖርበት ሰፈር፣ ወደ ኮሎምቢያ ሲቲ ገቡ። ባቡሩ በሰፈራችን መሮጥ በጀመረበት ዓመት፣ አንድ እሑድ በሬኒየር ቫሊ ቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ ሲያልፉ ዝማሬያችን አቆማቸው። ገብተው ከኋላ ተቀመጡ፤ በሳምንቱም ተመለሱ። ቆይተውም አንድ ሥራቸውን ከመዘምራኖቻችን ጋር ለማቅረብ ጠየቁ። አስተርጓሚ ሲፈለግ፣ ከመዘምራኑ መካከል ዩኒቨርሲቲ የተማርሁት፣ የሰው ስሕተት በማረም የታወቅሁት እኔ ተመረጥሁ።

ሥራው ቃል አልባ ዜማ ነው። መካከሉ ላይ ድንገት ይቆምና ረጅም ዝምታ ይሆናል። ታላቅ ወንድማቸው ዓሣ ለማጥመድ ወጥቶ ባሕር ላይ እንደ ቀረ፣ ዝምታው የእርሱ ስፍራ እንደ ሆነ ለእኔ ብቻ ነገሩኝ፤ ለሕዝቡ እንድገልጽላቸውም አደራ አሉኝ።

በልምምድ ላይ ግን አስቆሙንና «ወፍራሙ ድምፅ ዘገየ» አሉ። ወፍራሙ ድምፅ እኔ ነኝ! የራሴን ተግሣጽ በራሴ አንደበት ተረጎምሁ፤ ትርጉሙም እንከን አልነበረውም። አብራን የምትዘምረው ባለግሮሰሪዋ ዘነበች አላስቻላትም።

«ኦኬ ጋሼ፣ አይጨነቁ፤ እኛ ቆመን እንጠብቅዎታለን፤ ቀስ ብለው ካች አፕ ያድርጉ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሚስተር ክሬንዊክም ምን እንደ ተባለ ሳያውቁ አብረው ሳቁ። ያ የእሳቸው ሳቅ ሲከነክነኝ ሰነበተ።

በዝግጅቱ ዕለት ቆመው ስለ ሕይወታቸው ተናገሩ፤ እኔም በታማኝነት ተረጎምሁ። በመጨረሻ «ዜማው ሲቆም እባካችሁ ፍጹም ጸጥታ ስጡኝ» አሉ። እኔስ ምን አልሁ? «ዜማው ሲቆም እልልታችሁን አሰሙ» አልሁ። እኔ አልሁት። አንደበቴ ስቶ ይሆን? አልሳተም። ሲያፍሩ ማየት ፈልጌ ነው። ስለ ወንድማቸውም አንዲት ቃል አልተነፈስሁም።

ዜማው ቆመ። እልልታው ጣሪያውን አናጋው። ከጎረቤት ከተማ ከቡሪየን በሥራ ልብሳቸው የመጡት የኤርፖርት ሠራተኞች ሳይቀሩ ተነሡ፤ ሕፃናት ወንበር ላይ ወጡ። የሚስተር ክሬንዊክ እጅ አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብለው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ውርደታቸውን ስጠብቅ ፊታቸው በርቶ አየሁት።

በኋላ «ይህ ድምፅ መቼ ነው የሚሰማው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ልጅ ሲወለድ፣ ሙሽራ ሲገባ፣ ጠፍቶ የነበረ ሰው ሲመለስ» አልኋቸው።

ክንዴን ጨበጡ። «ስለ ወንድሜ ነግረዋቸው ነበር ማለት ነው! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አለቀስሁለት፤ እነርሱ ግን በር ከፍተው አስገቡት።»

እኔም ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ከመጀመሪያው ይልቅ ይህኛው ይከብደኛል።

ሥራውን እንደገና ጻፉት፤ በዝምታው ስፍራ የሴቶች እልልታ ገባ። ዘነበችና ጓደኞቿ መሐል ከተማ ባለው ትልቅ አዳራሽ፣ ከቫዮሊኖቹ ፊት ቆሙ። «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ሲጫወቱ ፈተና ላይ የተቀመጡ ነው የሚመስሉት፤ ቆይ፣ እኔ አፍታታቸዋለሁ!» አለችኝ። አፍታታቻቸውም። ሚስተር ክሬንዊክ እንደ ልጅ ሲዘሉ አይቻለሁ፤ እኔም ከደስታዬ ብዛት መነጽሬን ጥዬ በእግሬ ረገጥሁት። እሳቸውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ስለ ወንድማቸው ለሕዝቡ እንደ ነገርሁ እንዳመኑ በሰላም ዐረፉ።

ክፋቴ ይህን ያህል ደስታ ካስገኘ ማንን በደልሁ? ስንት ጊዜ በዚህ ጥያቄ ልሸሸግ ሞከርሁ! እልልታው የሴቶቹ ቅንነት ነው፤ ዜማው የእሳቸው ነው። ከዚያ ሁሉ የእኔ የምለው ተንኮሉን ብቻ ነው።

ሚስተር ክሬንዊክ፣ ስለ ወንድምዎ ለማንም አልነገርሁም ነበር። ይቅር ይበሉኝ። ደስታዎን ግን አይጠራጠሩት፤ እርሱ እውነት ነበር፤ ውሸተኛው እኔ ብቻ ነኝ።