ለሐዘንተኛዋ የሰፋሁት ሙዳይ

እጄ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይችልም። ባስ ውስጥም ሆነ ከጽዳት ሥራ ገብቼ እግሬን ዘርግቼ ስፌት ነው የምይዘው። እዚህ ለንደን፣ ስቶክዌል ላይ ስንደዶ ከየት ይመጣል? ራፊያ የሚሉትን ቃጫ ከሱቅ እገዛለሁ፤ ወስፌዬ ግን እናቴ ስታስተምረኝ የሰጠችኝ ነው። የምሰፋትን ትንሽ ባለ ክዳን ሙዳይ ሸጬ አላውቅም። ወለደች ለተባለች ሙዳይ፣ አገባች ለተባለች ሙዳይ፤ ይኸው ነው አገልግሎቴ።

የምታደርስልኝ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ነበረች። ጓደኛ ማለት ያንስባታል። ሥጋ ዘመድ በሌለኝ ከተማ እህቴ እሷ ነበረች፤ ሁለቱንም ሴት ልጆቼን ስወልድ እጄን ይዛ አብራኝ ያማጠች። ክላፋም ነው የምትኖረው። የጸሎት ቡድን ስለምትመራ የማን ቤት ምን እንደጎደለ ታውቃለች። «እህቴ፣ እንዲህ ያለች ሴት አለች» ካለችኝ እኔ ጥያቄ የለኝም፣ ወስፌዬን አነሳለሁ።

ባለፈው ብርድ እንባዋ እየወረደ መጣች። ካሌዶኒያን ሮድ አካባቢ አንዲት ብቸኛ ሴት የሦስት ወር ሕፃኗን ቀበረች አለችኝ። «በይ ተነሺ፣ እንሂድና እናጽናናት» ብላት፣ «ሰው ማየት አልቻለችም፤ ሙዳይ ስፊላት፣ እኔ አደርስላታለሁ» አለች። ለቅሶ ሳይደርሱ መቅረት ደግሞ ለእኛ ነውር ነው። በእግሬ መድረስ ካልተፈቀደልኝ በእጄ ልድረስ ብዬ ጀመርኩ። ሦስት ቀን ጾምኩላት። በእያንዳንዱ ዙር፣ የማላውቃትን ሴት እያሰብኩ ጸለይኩ፣ አለቀስኩም። አሥር ዓመት የሆናት ትልቋ ልጄ «እኔም የሆነ ነገር ልስጣት» ብላ የጠበባትን የትምህርት ቤት ሹራቧን፣ ካርዲጋኗን፣ ተረተረችው። ሰማያዊውን ክር በክዳኑ ጠርዝ አዞርኩት፤ አልበቃ ሲለኝ አንድ ጣት የምታህል ቦታ በቀይ ሞላሁ።

ለሃፍ ተርም የትምህርት ቤት ዕረፍት ትልቋ ስለ ሞሮኮ የእጅ ሥራ ፕሮጀክት ተሰጣትና ልጆቼን ይዤ በየድንኳኑ ሞሮኮዎች ወደሚሸጡበት ገበያ ሄድኩ። መዳብ ትሪ ላይ አበባ የሚቀርጹ ሽማግሌ ለትንሿ መዶሻቸውን አስይዘው አንዴ አስመቷት፤ ከደስታዋ ብዛት ጆሮዬን አደነቆረችው። ትልቋ ሾጣጣ ክዳን ያላቸውን የሸክላ ድስቶች ፎቶ ታነሳለች። እኔም አፍንጫው የሾለ የቆዳ ጫማ እየለካሁ በራሴ እስቃለሁ። እንዲህ ደስ ብሎን ሳለ ትልቋ ቅርጫት የሚሸጥበት ድንኳን ፊት ቀጥ ብላ ቆመች።

«ማሚ፣ ይሄ ማይ ካርዲጋን ነው።»

«ኧረ አትቀባጥሪ» አልኳትና ሙዳዩን አነሳሁ። ሰማያዊ ጠርዝ፣ አንድ ጣት ቀይ። የገዛ እጄን ሥራ አጣዋለሁ እንዴ? ክው አልኩ። ወዲያው ደግሞ፣ ምስኪን፣ ቸግሯት ሸጣው ነው ብዬ ለዚያች ሐዘንተኛ አዘንኩ። አይ እኔ!

ሻጯ ሻርፕ ያሰረች ደግ የሞሮኮ ሴት ናት። «ይሄ እንኳ የእኛ አይደለም፤ ያንቺ አገር ሴት ናት በየወሩ የምታመጣልኝ» አለችኝ። «ራሷ ናት የምትሰፋው። ከእናቷ የተማረችው ነው።» ይህን እያለች ከበስተኋላዋ ሌሎች አራት አወጣች። የአራሷ፣ የሙሽራይቱ፣ ሆስፒታል የተኛችው፣ ከባሏ የተለየችው። ሁሉንም አወቅኳቸው።

እዚያው ቆሜ ለጓደኛዬ ደወልኩላት። አንድ እጄ ሙዳዩን ስለያዘ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩት።

«ያቺ ሕፃኗ የሞተባት እንዴት ሆነች?» አልኳት።

«ጌታ ይመስገን፣ ተጽናንታለች እህቴ! ሙዳይሽን ራስጌዋ አድርጋ ባየችው ቁጥር ታለቅሳለች። እንዲያውም አሁን ደግሞ አንዲት ሌላ ሴት…»

ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ዓይን አውጣ! ደሜ ፈላ። መሸጧ አይደለም ያንገበገበኝ። ቸግሮኛል፣ ሽጬ ልኑር ብትለኝ እኮ ጣቴ እስኪቆስል እሰፋላት ነበር። ለካስ «ሰው ማየት አልቻለችም» ያለችኝ ሴትዮዋ ስለሌለች ኖሯል። ለሌለች ሴት አስጾመችኝ፤ ልጄን ልብሷን አስተረተረቻት። አሁንም እንዲያ በለሰለሰ ድምፅ፣ በጌታ ስም።

ትልቋ ሁሉንም ሰምታለች። አቀርቅራ የካርዲጋኗን ክር በጣቷ ትነካካለች። ስድስት ዓመት የሆናት ትንሿ ናት ቀሚሴን የጎተተችው።

«ማሚ፣ አንቲ ዋሽታ ነው?»

«አዎ፣ ዋሽታ ነው።»

«ታዲያ ቤቢው አልሞተም?»

«አልሞተም። ቤቢ የሚባልም የለም።»

ፊቷ በራ። «እሰይ! ማንም አልሞተማ!» ብላ እየዘለለች እህቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሻጯም ነገሩ ባይገባትም አብራት ሳቀች። እኔ ግን ደስ ሊለኝ አልቻለም። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ምነው ያ ሕፃን የእውነት ሞቶ በነበር ብዬ ተመኘሁ።